የጆሮ ነጩ ቤት

ሰው በሚስቱ ይቀናል። በጎረቤቱ መኪና፣ በጓደኛው ሹመት፣ በወንድሙ ዕድል ይቀናል። በግድግዳ የቀና ሰው ግን ማን አይቶ ያውቃል? ይህ ሰው ቀና። እንቅልፍ እስኪያጣ፣ እህል አልዋጥ እስኪለው ቀና። የሚገርመው ደግሞ ግድግዳው የራሱ አልነበረም።

ሙያው ቀለም ቀቢነት ነው። ኮርኒስ ሲቀባ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ስለሚሠራ፣ ከብሩሹ የሚንጠባጠበው ቀለም ዘወትር ግራ ጆሮው ላይ ያርፋል። ማታ ፊቱን ይታጠባል፣ እጁን በላምባ ያሻል፣ ጆሮውን ይረሳል። ሰፈሩም ስሙን ትቶ «ጆሮ ነጩ» አለው፤ ጸና። ሚስቱ በከተማ አውቶቡስ መናኸሪያ ትኬት ቆራጭ ናት። ቀኑን ሙሉ በአንዲት ጠባብ መስኮት በኩል ከመንገደኛ ሁሉ ጋር ስትከራከር ስለምትውል ምላሷ አይዝልም። «አንተ ሰውዬ፣ ጆሮህ ተለስኖ ነው እንዴ የምነግርህ የማይገባህ?» ትለዋለች። አንዲት ትንሽ ልጅ አለቻቸው። ስትወለድ እጅግ ትንሽ ስለነበረች አባቷ «ጠብታ» አላት፤ አሁን ትምህርት ቤት ገብታም ጠብታ ናት።

የሚኖሩት በኪራይ ነው፤ በአንድ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ምድር ቤት፣ ሁለት ክፍልና አንዲት ጠባብ ማድቤት ውስጥ። ከላይ ባለቤቱ ይኖራሉ። እኚህ ሰው ጡረታ የወጡ የመኪና መንዳት አስተማሪ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከሚንቀጠቀጡ ተማሪዎች ጎን ተቀምጠው ፍሬን ሲረግጡ ስለኖሩ፣ ዛሬም ደንገጥ ባሉ ቁጥር ቀኝ እግራቸው ወለሉን ይረግጣል። ሰፈሩ በሌሉበት «ጋሽ ፍሬን» ይላቸዋል። እነ ጆሮ ነጩ የእሳቸውን ጭንቀት በኮርኒሱ በኩል ይሰሙታል። ዜና ሲጀምር ዷ! ኳስ ሲተላለፍ ዷ! ዷ! ጠብታ ያንን እየቆጠረች «ዛሬ ጋሼ ተሸነፉ» ትላለች።

ሲገቡ ቤቱ ቤት አይመስልም ነበር። ግድግዳው እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል፤ መስኮቱ ሥር እርጥበት ገብቶ ካርታ ሥሏል። ጆሮ ነጩ ካርታውን ፍቆ፣ ስንጥቁን በስቱኮ ደፍኖ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ ቤቱን እንደ በሽተኛ አስታመመው። ቀለሙን ከየሥራው ትርፍራፊ አመጣ። ማድቤቱ የአንድ ክሊኒክ ኮሪደር አረንጓዴ ነው፤ የጠብታ በር ከአሻንጉሊት ሱቅ የተረፈ ብጫ ነው። ከመስኮቱ ፊት ለፊት ያለውን ትልቁን የሳሎን ግድግዳ ግን ከማንም ትርፍራፊ አልቀባውም። ጠብታ የተወለደች ሰሞን ነው። ነጭ ላይ ጥቂት ብጫ ጣለ፤ ጥቂት ግራጫ ጨመረ፤ ከዚያ ደግሞ በዚያ የደስታ ስካር ውስጥ ምን እንደጨመረ ራሱም እስከ ዛሬ አያውቅም። ቀባው። ጠዋት እንደ ወተት፣ ቀትር ላይ እንደ አዲስ ወረቀት፣ ሲመሽ እንደ እንቁላል ቅርፊት ውስጥ ሆነ። እንዲህ ያለ ነገር ከአንድ ባልዲ ይወጣል ብሎ ማን ያስባል!

እንግዳ ሲመጣ «ነጭ ቀባኸው ማለት ነው» ይለዋል። እሱ «አዎ፣ ነጭ» ይላል። ውድ ነገር ደብቆ እንደያዘ ሰው በሆዱ ይስቃል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ፍሬን የውጭውን ደረጃ ወርደው ደጁ ላይ ቆሙ። ይግቡ ቢሏቸው አልገባም አሉ።

«ቤቱን ልሸጠው ነው» አሉ።

«ምነው ጋሼ? በሰላም?»

«በሰላም ነው። አርጅቻለሁ፤ ልጄ ዘንድ ልሄድ ነው።» እዚህ ላይ ሊያቆሙ ነበር፤ ሆዳቸው ውስጥ ያለው ነገር ግን አላስቆም አላቸው። «ደግሞስ የማን ቤት ሆነና ነው? ባለፈው አንድ የድሮ ተማሪዬ መንገድ ላይ አገኘኝ። ‹የት ነው የሚኖሩት ጋሼ?› አለኝ። ነገርኩት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹እ! ከጆሮ ነጩ ቤት በላይ!› ከጆሮ ነጩ ቤት በላይ! እኔ! መሠረቱ ሲጣል ፀሐይ ላይ ቆሜ የዋልኩት ሰውዬ!» ቀኝ እግራቸው ደረጃውን ረገጠ።

«ሰው ነው እንዲህ የሚለው እንጂ እኔ አላልኩም፣ ጋሼ።»

«አንተማ አትልም። ግድግዳህ ይልልሃል። ወሩ ሲያልቅ ባዶውን አስረክቡኝ። ለገዢ ቃል የምገባው ባዶ ቤት ነው።» ብለው ደረጃውን ወጡ።

ጆሮ ነጩ በቆመበት ቀረ። ባለቤት በተከራይ ይቀናል? ያለው በሌለው ይቀናል? ዓለም እንዴት ያለች ጉድ ናት!

ሚስቱ ማታ ስትሰማ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «የሰው ወርቅ አያደምቅ ብዬህ ነበር። እሑድ በመጣ ቁጥር የሰው ሙሽራ ስትኩል ከረምክ። ራስህ ኩለህ፣ ራስህ ዳርካት። በል አሁን አልቅስ።»

«ቆሽሾ እንዲኖር ልተወው ነበር?»

«እኔን እንኳ እንደዚያ አይተኸኝ አታውቅም። እስቲ ስንጋባ የለበስኩት ቀሚስ ምን ዓይነት ቀለም ነበር?»

አሰበ። «ነጭ» አለ።

«ነጭ! ለግድግዳው ሲሆን ወተት ነው፣ ወረቀት ነው፣ የእንቁላል ቅርፊት ነው። ለእኔ ሲሆን ነጭ!» ጠብታ ሳቀች። እናቷ ግን አልሳቀችም፤ እውነቷን ነበር።

ከዚያ በኋላ ቤት የሚያዩ ሰዎች ይመጡ ጀመር። ሳይናገሩ ነው የሚመጡት። ጋሽ ፍሬን ከፊት፣ እነሱ ከኋላ ዘው ይላሉ። አንዱ ቁም ሳጥን ይከፍታል፤ አንዷ ማድቤቱ ውስጥ ድስት አንስታ ከሥር ታያለች። አንድ ወፍራም ሰውዬ በጉልበቱ የጠብታን ብጫ በር ገፋ አደረገና «ይሄ ይነቀላል» አለ። ጆሮ ነጩ ከኋላ ከኋላቸው እየተከተለ የነኩትን ሁሉ በዓይኑ ይጠርጋል። አንጀቱ አረረ። ሚስቱን ሰው ሲያያት እንዲህ ሆኖ አያውቅም። እንዲያም ሆኖ አንድ መጽናኛ ነበረው፤ ትልቁን ግድግዳ አይተው «ነጭ ነው» ብለው ያልፋሉ። ስላላወቁበት አልወሰዱበትም።

እስክትመጣ ድረስ ነው ይሄ ሁሉ።

ከጋሽ ፍሬን ኋላ ብቻዋን ነው የመጣችው፤ ቀጠን ያለች፣ ትልቅ የእጅ ቦርሳ የያዘች ሴት። ደጁ ላይ ቆማ «ጫማዬን ላውልቅ?» አለች። ከዚያ በፊት ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቆ አያውቅም። ገባች። ቁም ሳጥን አልከፈተችም፤ ድስት አላነሳችም። ትልቁ ግድግዳ ፊት ቆማ ቀረች። ጋሽ ፍሬን ስለ ውኃ ቧንቧው ያስረዳሉ፤ እሷ አትሰማም።

«ይሄ ነጭ አይደለም» አለች በመጨረሻ።

ጆሮ ነጩ አንድ እርምጃ ቀረበ።

«ነጭ ነው እንጂ!» አሉ ጋሽ ፍሬን። «ካልወደድሽው ሌላ ይቀባል።»

«ኧረ ጋሼ! ሥራዬ ጥርስ መሥራት ነው፤ ሰው ሠራሽ ጥርስ። ሰው ሁሉ ጥርሴ ነጭ ነው ይላል። እኔ እስከ ዛሬ አንድም ነጭ ጥርስ አላየሁም። ወይ ብጫ ያለበት ነው፣ ወይ ግራጫ፣ ወይ ደግሞ እንዲህ...» በጣቶቿ ጀርባ ግድግዳውን ዳሰሰችው፤ የልጅ ትኩሳት እንደምታይ እናት። ወደ ቀቢው ዞረች። «አንተ ነህ የቀባኸው?»

«እኔ ነኝ።»

«ሲመሽ ምን ይመስላል?»

ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። ለስንት ዓመት ይህን የሚጠይቀው ሰው ጠብቋል! ግን የጠየቀችው ልትወስድበት የመጣችው ሴት ናት።

«ያው ነጭ ነው» አላት።

ከሄደች በኋላ ሚስቱ ከሥራ ገብታ ነገሩን ሰማች። «ቆንጆ ናት?» አለች።

«አላየኋትም።»

«ግድግዳውን ስታይ ግን አይተሃታል።»

እውነቷን ነው። በጣቶቿ ጀርባ የነካችበትን ቦታ ሲያይ አመሸ። ሌሎቹ ቤቱን ቢገዙት ግድግዳና ጣራ ነው የሚገዙት። ይህቺ ብትገዛው ግን ጠዋቱን፣ ቀትሩን፣ ምሽቱን ታውቅበታለች። ያ ምስጢር የሁለት ሰው ይሆናል፤ ከዚያም የእሷ ብቻ። ቅናት እንደ እርጥበት ነው፤ ከሥር ይገባና ላይ ይታያል።

በነጋታው ጋሽ ፍሬን ደስ ብሏቸው ወረዱ። «ሴትዮዋ ወዳዋለች። ሐሙስ ከቀትር በኋላ መጥታ ለመጨረሻ ጊዜ ታየዋለች። ባዶውን ነው ያልኳት፤ እንዳታሳፍሩኝ።»

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» አለች ሚስቱ ጋሽ ፍሬን ደረጃውን እንደወጡ። «ነገ ፈቃድ እጠይቅና ነፃ የሕግ ምክር የሚሰጡት ዘንድ እሄዳለሁ። ውላችን ገና ዓመት ከምናምን ይቀረዋል። የተፈረመ ነገር እንዲሁ ይተናል እንዴ?»

«ሕግ ለባለቤት ነው።»

«እሱን እነሱ ይንገሩኝ። አንተ ዝም ብለህ ተቀመጥ፤ ምንም እንዳትሠራ።»

ምንም እንዳትሠራ የሚባል ነገር ለቀቢ አይነገርም። ረቡዕ ሚስቱ ወጣች፤ ጠብታ ትምህርት ቤት ነበረች። እሱ ግድግዳው ፊት ተቀመጠ። ያቺ ሴት ነገ ትመጣለች። እዚህ ጋ ትቆማለች። በጣቶቿ ጀርባ ትነካዋለች። ተነሳ። ከአልጋ ሥር አንድ ባልዲ ጎትቶ አወጣ። የመናኸሪያውን አጥር የቀባበት ቡናማ ቀለም ነበር፤ ጭቃ ቢረጭበት እንዳያስታውቅ ተብሎ የተመረጠ። ክዳኑን በመፍቻ ሲከፍተው ሽታው እንደ ስድብ ወጣ። «የማላገኘውን ማንም አያገኘውም» አለ፤ የቀለም ሮለሩን ነከረ።

የመጀመሪያውን መስመር ዓይኑን ጨፍኖ ሳበ። ሁለተኛውን ዓይኑን ገልጦ ሳበ። ግድግዳው እያለቀሰ መሰለው፤ ግን የሚያለቅሰው እሱ ነበር። አመሻሽ ላይ ጨረሰ። ሳሎኑ የመናኸሪያ አጥር መሰለ።

ሚስቱ ጠብታን ከትምህርት ቤት ይዛ እየሳቀች ገባች። በሩ አጠገብ ጎንበስ ብላ ጫማዋን እየፈታች ወሬዋን ጀመረች። «ሰውዬ፣ ስማኝ! ጠበቃዋ ልጅ እግር ናት፤ ግን እንዴት ያለች አስተዋይ! ‹ቤት ሲሸጥ ውል አይፈርስም› አለችኝ። ገዢው በጋሼ እግር ይተካል እንጂ እኛን አያስወጣንም። ጊዜው እስኪያልቅ ኪራዩ ያው፣ ማስያዣውም ያው። ቤት ለማሳየት ሲፈልጉም ቀድመው ነግረውን፣ በተስማማንበት ሰዓት ነው እንጂ እንደ ገበያ ዘው አይባልም። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ አለችኝ። ኪራዩን በቀኑ ክፈሉ፤ ቤቱን ደግሞ እንዳታበላሹ፤ ካበላሻችሁ ያኔ ውሉን ያፈረሳችሁት እናንተ ናችሁ አለች። እኔም ‹የእኔ ባል ቤት ያበላሻል? የእኔ ባል ቤት ሲያስታምም ነው የሚኖረው!› አልኳት...»

ቀና አለች።

ዝም አለች። ያቺ ምላሷ የማይዝል ሴት ዝም ስትል ጠብታ ፈራች።

«ምነው» አለች ሚስቱ ቀስ ብላ፣ «ምነው መሥሪያ ቤቴን ቤት ድረስ አመጣህልኝ?»

«እሷ እንዳትወስደው...»

«እሷ ልትወስደው አትችልም ነበር! አንተ ነህ ለጋሼ የሰጠኸው። ነገ ይቺን ግድግዳ ካዩ ‹ቤቴን አበላሹ› ብለው ነው የሚያስወጡን። በገዛ እጅህ!» ከላይ፣ የሚደረገውን ሳያውቁ፣ ጋሽ ፍሬን ኳስ እያዩ ወለሉን ረገጡ። ዷ!

ጆሮ ነጩ መሬት ላይ ተቀመጠ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነገሩ በሙሉ ታየው። የሚያስወጣው ሽያጩ አልነበረም፤ ባለቤቱም ገዢዋም አልነበሩም። ቤተሰቡን ከቤት ሊያስወጣ የነበረው የራሱ ሮለር ነው።

ጎህ ሲቀድ ሥራ ጀመሩ። ቡናማ ላይ ነጭ መቀባት ልጅ የተኛበትን አልጋ እንደ ማንጠፍ ነው፤ ከሥር ያለው ይንቀሳቀሳል። አንደኛው እጅ ቀለም እንዳረፈ ቡናማው ብቅ አለ፤ ሁለተኛው ላይም ጥላው ታየ። ጠብታ ከትምህርት ቤት ቀርታ በካርቶን ታራግባለች፤ እናቷም ከሥራ ቀርታ መስኮቱን ከፍታ በፎጣ ታናፍሳለች። የመጨረሻው እጅ ላይ ሲደርስ ጆሮ ነጩ ባልዲው ላይ ተጎንብሶ ቀረ። ብጫውን ያውቀዋል። ግራጫውን ያውቀዋል። ያንን ሦስተኛውን ነገር አያውቀውም።

«ምን ትጠብቃለህ?»

«ያንን ነጭ ረስቼዋለሁ።»

ሚስቱ መጣች። ጣቷን ነክራ ብርሃን ላይ አየችው። «ይሄ ይሞቃል። ያኛው ቀዝቀዝ ይላል። ግራጫ ጨምር። አሁን በዛ! ከብጫው ጥቂት፤ ኧረ ጥቂት አልኩህ!»

በግርምት አያት። «አንቺ እንዴት አወቅሽው?»

«ጣውንቷን ማን ይረሳል?» አለች፤ ሳይወድ በግድ ሳቁ መጣ፤ እሷም ሳቀች፤ ጠብታ ያልገባትን ነገር ከሁሉም በላይ ሳቀችበት።

ቀረበ። በጣም ቀረበ። ግን ያው አልነበረም። ወተት ነበር፣ ወረቀት ነበር፣ የእንቁላሉ ቅርፊት ግን የለም።

ከቀትር በኋላ ጋሽ ፍሬን ጥርስ ሠሪዋን ይዘው መጡ። መስኮቱ ሁሉ ተከፍቷል።

«ቀለም ይሸታል» አሉ ጋሽ ፍሬን አፍንጫቸውን እየነፉ። «ምን እየሠራችሁ ነው?»

«አደስነው፣ ጋሼ» አለ ጆሮ ነጩ፤ ድምፁ ቀጠነ።

ሴትዮዋ ጫማዋን አውልቃ ገባች። ቀጥ ብላ ወደ ግድግዳው ሄደች። አየችው። ተጠግታ አየችው፤ ርቃ አየችው። እሷ የምታውቅ ናት። ደግሞ ለማወቅም አልተቸገረችም፤ ከግድግዳው ግርጌ፣ ወለሉ ጋር ባለው ቀጭን ጣውላ ላይ አንዲት የቡናማ ጠብታ ቀርታ ነበር። በጥድፊያ ማንም አላያትም። አሁን ሦስቱም አዩዋት፤ እሷ፣ እሱና ሚስቱ።

«ምነው?» አሉ ጋሽ ፍሬን። «ምን አየሽ? የተበላሸ ነገር አለ?» ድምፃቸው ውስጥ ተስፋ ነበረበት።

ሴትዮዋ ጆሮ ነጩን አየችው። ቀለም የለጠፈውን ጆሮውን፣ ያበጡ ዓይኖቹን፣ ካርቶን የያዘችውን ልጁን አየች። ከዚያ በእርጋታ ካልሲ ያደረገ እግሯን አንቀሳቀሰችና የቡናማዋን ጠብታ ሸፈነቻት።

«ምንም የለም» አለች። «ብርሃኑ ተለውጦ ነው።»

ሚስቱ ጉሮሮዋን ጠረገች። የመናኸሪያ ድምፅዋን አወጣች። «ጋሼ፣ እህቴ፣ አንድ ነገር ልናገር። ቤቱን ይሽጡት፤ የእርስዎ ነው። ባዶውን ግን አይደለም። ውላችን እስኪያልቅ እዚሁ ነን። ገዢዋ በእርስዎ ቦታ ይተካሉ፤ እኛ በእኛ። ከእንግዲህም ለማየት ሲመጡ ቀድመው ይንገሩን፤ በራችን ይንኳኳ።»

«ባዶውን ነው ቃል የገባሁት!» የጋሽ ፍሬን እግር ወለሉን መታ።

«በእኛ ፈንታ ቃል መግባት አይችሉማ፣ ጋሼ። ሕጉን ጠይቄ ነው የመጣሁት።»

ሁሉም ወደ ጥርስ ሠሪዋ ዞሩ። እሷ የምታየው ሚስቱን ነበር፤ አስተያየቷ ደግሞ እንግዳ ነበር።

«እኔም ተከራይ ነኝ» አለች። «ያለፈው ቤቴ ሲሸጥ ውጪ አሉኝ፤ ዝም ብዬ ወጣሁ። እንዲህ ተብሎ እንደሚጠየቅ ማን ነገረኝ?» ጆሮ ነጩ ያንን ዓይን ከየት እንደሚያውቀው አሰበ፤ ከዚያ ገባው። የራሱ ዓይን ነው። ሴትዮዋ በሚስቱ ቀንታለች። «እገዛዋለሁ» አለች ሴትዮዋ። «ከነሰዎቹ።»

ጋሽ ፍሬን ለስንብት ሲወርዱ ጆሮ ነጩን ጠቀስ አድርገው፣ «እንግዲህ ‹የጥርስ ሠሪዋ ቤት› ይባላል። ያንተም ስም ይጠፋል» አሉት፤ ሻንጣቸውን ቀለል ብሏቸው ተሸከሙ። አልተሳካላቸውም፤ ሰፈሩ ዛሬም «የጆሮ ነጩ ቤት» ነው የሚለው።

ጥርስ ሠሪዋ ላይ ቤት ገባች። ላይ ቤት የጋሽ ፍሬን ግድግዳ ነው፤ እንደ ድስት ቂጥ የጠቆረው። ማታ ማታ እርምጃዋ በኮርኒሱ በኩል ይሰማል፤ ከወዲያ ወዲህ፣ ከወዲህ ወዲያ። ከዚያ ከትልቁ ግድግዳ በላይ ስትደርስ ቀጥ ይላል። ታች እነሱ ሲስቁ ላይ ጸጥ ይላል። «አታሳዝንህም?» ትላለች ሚስቱ። «የገዛችው ቤት ሥር ነው ያለው።» እሱ «ውሉ ሲያልቅ ትወርዳለች» ይላል፤ ይህን ሲል ግን ኮርኒሱን ያያል።

አንድ እሑድ በሩ ተንኳኳ። እሷ ናት። ባለቤት ናት፤ ደጅ ቆማ ትጠብቃለች። ጆሮ ነጩ ሆን ብሎ ቀስ ብሎ ሄደ፤ ቀስ ብሎ ከፈተ። ሲያስጠብቃት ደስ አለው፤ ደስ ስላለው ደግሞ አፈረ።

«ልግባ?» አለች።

«ግቢ።»

ግድግዳው ፊት ቆመች። «ያን ቀን ቡናማ የቀባኸው በእኔ ቀንተህ ነው አይደል?»

ጆሮው ከነጩ ሥር ቀላ።

«እኔ ደግሞ በአንተ ቀንቼ ነው የገዛሁት» አለች። «መጀመሪያ ቀን ‹ያው ነጭ ነው› ስትለኝ፣ ይሄ ሰውዬ የሚያውቀውን እኔም ማወቅ አለብኝ አልኩ። ላይ ቤቴን በዚያ ነጭ ቅባልኝ።»

ነጩን? ለላይ ቤት? ሚስቱ ከማድቤት ሆና ጆሮዋን አቁማለች። «ቀለም መቀባት ቀላል አይደለም» አላት ኮስተር ብሎ። «መጀመሪያ መማር አለብሽ። አሮጌ ልብስ ልበሽና ነይ፤ ባልዲው ያውልሽ፣ ቀላቅለሽ ከበሩ ኋላ ያለችውን ጥግ ሞክሪ።» ማንም የማያያትን ጥግ ነው የሰጣት። ሚስቱ ከማድቤት «አይ ሰውዬ!» ስትል ተሰማ።

ጥርስ ሠሪዋ አሮጌ ልብስ ለብሳ ተመለሰች። ባልዲው ፊት ተቀምጣ፣ በትንሽ ማንኪያ፣ ዓይኗን አጥብባ ስትቀላቅል ቆየች። ጠብታ አጠገቧ ተቀምጣ በጥርስ የተሞላ መሳቢያ እንዳላት ጠየቀቻት፤ አለኝ ስትላት በደስታ ጮኸች። ቀባች። ብሩሹን አጥባ፣ አመስግና ወጣች።

ሲመሽ ጆሮ ነጩ ስህተት ሊፈልግ ወደ በሩ ኋላ ሄደ። የብሩሽ ምልክት አጣ። የተንጠባጠበም አጣ። ከዚያ የመጨረሻው ብርሃን በመስኮቱ ገባና ጥግዋን ነካት።

የእንቁላል ቅርፊት ውስጥ።

ያ የጠፋው ነጭ፣ እሱ በገዛ እጁ ገድሎት መልሶ ያላገኘው ነጭ፣ ከበሩ ኋላ ቆሞ ነበር። አንድ ቀን ብቻ አይታው፣ በዓይኗ ይዛው ወጥታ፣ በማንኪያ መልሳ አመጣችው። ጆሮ ነጩ በመገረም ፈዞ ቆመ። ከዚያ ያ የሚያውቀው ቅናት እንደ እርጥበት ከእግሩ ሥር ተነስቶ ወጣ።

«ምን ሆንክ?» አለች ሚስቱ።

«ምንም።»

ማንም እንዳያያት በሩን እስከ መጨረሻው ከፈተ፤ ጥግዋ ከበሩ ኋላ ተሸፈነች። ደጁ ወለል አለ። ደጁ ላይ ጥርስ ሠሪዋ የረሳችውን ማንኪያ ልትወስድ መጥታ፣ ለማንኳኳት እጇን አንስታ ቆማ ነበር።

«ልግባ?» አለች።

ከበሩ ላይ ገለል አለላት።